ናፍጣው ከየት ነው የሚመጣው? ስለ አሮጌ ፒክ አፕ የነዳጅ ፍሳሽ

(ለሾፌሮች፣ ለፒክ አፕ ባለቤቶችና ለአውቶ መካኒክ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ወንበር አለ። ማይክራፎኑን ትቼዋለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሚሠራ ሞተር ላይ እየጮህኩ ነው የኖርኩት፤ ድምፄ ይደርሳችኋል።

ከአንድ መኪና ልጀምር። ነጭ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፣ ሞተሯ 5ኤል። ባለቤቱ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ስማቸው ይቅር፣ ጋሼ ልበላቸው። ወደ እኔ ሲመጡ ሦስተኛ ጋራዣቸው ነበርኩ። ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ፦ «ማታ ያቆምኩበት ጠዋት ርሷል»። የሚረጥበው ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚጋጠሙበት ቦታ ሥር ነው። ጥቁር፣ ዘይት የመሰለ ነገር።

የመጀመሪያው ጋራዥ አይቶ «የኋላ ኦይል ሲል ነው» አለ፤ ሲል ማለት ዘይት እንዳይወጣ ዘንግ ዙሪያ የምታሽግ ቀለበት ናት። ካምቢዮ አወረደ፣ ሲሉን ቀየረ፣ እግረ መንገዱን ፍሪሲዮኑንም ቀየረ። መኪናዋ ማፍሰሷን ቀጠለች። ሁለተኛው ጋራዥ «የገባው ሲል ኮፒ ነው» ብሎ ካምቢዮውን ድጋሚ አወረደ። አሁንም አላቆመችም። ጋሼ እኔ ጋ ሲደርሱ ከመኪናዋ ይልቅ በመካኒክ ተማረው ነበር። እውነታቸውን ነው።

እኔ ምንም የተለየ ጥበብ አላሳየሁም። ከሥር ገብቼ ጠብታውን በነጭ ሶፍት ነካሁና አሸተትኩት። ናፍጣ ነው! ጥቁር የሆነው በመንገዱ ላይ የቆየ ዘይትና አቧራ እያጠበ ስለሚወርድ ነው። የዘይት ሲል ሁለት ጊዜ የተቀየረለት መኪና የሚያፈሰው ዘይት አልነበረም ማለት ነው። ሁለት ጋራዥ፣ ሁለት ጊዜ ካምቢዮ ማውረድ፤ ያሸተተ ሰው ግን የለም።

ሞተሩን አጠብነው፣ በኮምፕሬሰር አደረቅነው፣ የሕፃን ፓውደር ነፋንበት። ከዚያ አስነስተን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳንረግጥ፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ምንም የለም። ነዳጅ ረገጥን። አሁንም ምንም። ረዳቴ ፊቴን ያየኛል። «ጋሼ፣ ማታ የት ነው የሚያቆሟት?» አልኳቸው። «ቤቴ በር ላይ፣ ዳገቱ ላይ።» «አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» «ወደ ላይ ነዋ፣ ዞሬ መግባት ስለማልችል።»

መኪናዋን ወስደን ዳገት ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገን አቆምናት። ሃያ ደቂቃ አልሞላም። አራተኛው ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) አጠገብ ያለው ነጭ ፓውደር ቀስ እያለ ጠቆረ። ልክ ወረቀት ላይ ቀለም እንደሚሰርግ። ከዚያ ቀጭን መስመር ሆኖ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) ጀርባ ወረደ። ከኖዝሎቹ አናት ላይ የተረፈውን ናፍጣ ወደ ታንከር የምትመልስ ቀጭን የብረት ቱቦ አለች፤ እሷን ከአራተኛው ኖዝል ጋር የምታሽገው ሮንዴላ (ቀጭን ቀለበት) ናት ያለቀችው። ቀን ሞተሩ ሲሠራ በትንሽ በትንሹ ታልባለች። ላቡ ቴስታታው ጎድጓዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ማታ ዳገት ላይ ስትቆም ወደ ኋላ ይፈስሳል። የሮንዴላዋን ዋጋ ብነግራችሁ ሁለት ጊዜ ለወረደው ካምቢዮ ታፍራላችሁ።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። ነዳጅ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ አንድ አይደለም። ናፍጣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መኪና ሲሄድ ደግሞ ነፋሱና ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ ይገፉታል። ስለዚህ ጠብታው ብዙ ጊዜ ከምንጩ በታችና ከምንጩ ኋላ ነው የሚገኘው። ከሥር ተኝቶ የመጀመሪያውን እርጥብ ነገር የሚፈታ መካኒክ የሰው ገንዘብ ያባክናል። ከላይና ከፊት ነው የሚጀመረው።

አሮጌ ፒክ አፕ ስል የትኞቹን እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። እዚህ አገር በብዛት የምናውቃቸው የሃይሉክስ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች ናቸው። 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል 2,779፣ 5ኤል 2,986። ኮምፒውተር የላቸውም፣ ወይም የላቸውም ማለት ይቻላል። ለአራቱም ሲሊንደር ናፍጣ የምታከፋፍለው አንዲት የምትሽከረከር ፖምፓ ናት። ንድፉ የቦሽ ነው፣ ዴንሶ በፈቃድ ነው የሠራው። አዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች (ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ በኮምፒውተር የሚረጭባቸው) ሌላ ዓለም ናቸው፤ እነሱ ላይ ግፊቱ ከ1,300 ባር በላይ ይደርሳል። ዛሬ የምነግራችሁን እነሱ ላይ እንዳትሞክሩ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ያሉትን አሮጌዎች ጠግኖ ማኖር የሁላችንም እንጀራ ሆኗል።

መጀመሪያ ፈሳሹን እወቁት። ነጭ ሶፍት ወይም ወረቀት ይበቃል። ቤንዚን ከሆነ እያያችሁት ይተናል፣ ምልክትም ብዙ አይተውም። ናፍጣ ይሰፋል፣ ቅባት ቀለበት ይተዋል፣ ሽታው ከእጅ አይለቅም፤ ሚስቶቻችን ያውቁታል። የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ቦታውን አይለቅም። የራዲያተር ውሃ ጣፋጭ ይሸታል፣ ቀለምም አለው። የመሪ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጋሼን ይህቺን ሁለት ደቂቃ የነፈጋቸው ሰው ነው ያከሰራቸው።

ሁለተኛው ማጠብና ማድረቅ ነው። ብዙ ጋራዥ ይህን እንደ ጊዜ ማባከን ያየዋል። የቆሸሸ ሞተር ላይ ግን ሁሉም ቦታ የሚያፈስ ይመስላል። የፓውደሯን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ፓውደር ከሌለ የተፈጨ ጠመኔም ይሆናል። እኔ የትም ስሄድ አንድ ቆርቆሮ የሕፃን ፓውደር አይለየኝም። ፍተሻ ላይ ያየኝ አንድ ፖሊስ «ልጅ አለህ?» ብሎኛል። «አዎ፣ አርባ ፒክ አፕ» አልኩት።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። ናፍጣ ከታንከር ይነሳል፣ በቱቦ ወደ ፊልትሮ ይመጣል። ፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የምትጫን ፖምፓ አለች። ከዚያ ወደ ኢንጄክሽን ፖምፓ ይገባል፣ በአራት ቀጫጭን የብረት ቱቦ ወደ ኖዝሎች ይሄዳል። የተረፈው ወደ ታንከር ይመለሳል።

ይህን መንገድ ለሁለት ክፈሉት። ከታንከር እስከ ኢንጄክሽን ፖምፓው ያለው የሚመጠጥ መስመር ነው። እነዚህ ሞተሮች ታንከር ውስጥ የሚገፋ ፖምፓ የላቸውም፤ ናፍጣውን የምትስበው ራሷ ኢንጄክሽን ፖምፓዋ ናት። ከእሷ በኋላ ያለው የሚገፋ መስመር ነው። ይህ ልዩነት ካልገባችሁ የቀረውን ሁሉ ብነግራችሁ ዋጋ የለውም። የሚገፋው መስመር ቀዳዳ ሲያገኝ ናፍጣ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ታዩታላችሁ። የሚመጠጠው መስመር ቀዳዳ ሲያገኝ ኤር (አየር) ወደ ውስጥ ይገባል። መሬቱ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለችም። ግን ያ ፍሳሽ ነው፣ ከሁሉም ተንኮለኛው ፍሳሽ።

እንዴት ያስታውቃል? ጠዋት ነው የሚያስታውቀው። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሩ እንደ ጤነኛ ይነሳል። አምስት ስድስት ሰከንድ ይሠራል። ከዚያ ይጠፋል። ከዚያ ሞተሪኖ እስኪግል ብታዞሩ እምቢ ይላል። ለምን? መጀመሪያ ያስነሳው ፖምፓው ውስጥ የቀረችው ትንሽ ናፍጣ ናት። ሌሊቱን መስመሩ ላይ ያለው ናፍጣ ኤር እያስገባ ወደ ታንከር ተመልሷል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እምቢ ብሎ ነጭ ጭስ የሚያጨስ ከሆነ ግን መጀመሪያ ካንዴሊቶቹን (ለማስነሳት ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁትን) ጠርጥሩ። ሁለቱን ሳይለዩ ባትሪ የሚቀይሩ አሉ። አንድ የድንጋይ ካባ መኪና አውቃለሁ፤ ባትሪ ተቀይሮላታል፣ ሞተሪኖ ታድሶላታል፣ አራት ካንዴሊት ተገዝቶላታል። ሾፌሩ በየማለዳው በሌላ መኪና እያስጎተተ ነበር የሚያስነሳት።

እሷን ያገኘናት በግንበኛ ቱቦ ነው። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበት፣ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቱቦ አላችሁ አይደል? ልኩ የሚገጥም አንድ ክንድ ያህል ቁረጡ። ወደ ኢንጄክሽን ፖምፓው የሚገባውን የጎማ ቱቦ ፍቱና እሱን በቦታው ግጠሙ። በእጅ ፖምፓዋ ኤሩን አውጡ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ከዚያ ቱቦዋን ተመልከቱ። ንጹሕ ናፍጣ ብቻ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ደቂቃ ትንሽ አረፋ ያለ ነው፣ አትደንግጡ። የዚያች መኪና ግን እንደ ተናወጠ ለስላሳ ነበር፤ አረፋው አያቋርጥም። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ ሁሉ ኤር ነው እንዴ ናፍጣ የምቀዳው?» አለ።

ከዚያ የት እንደሚገባ መፈለግ ነው። እዚህ ላይ እኔ የማምነው ዘዴ ጄሪካን ነው። ንጹሕ ጄሪካን ውስጥ ናፍጣ አድርጉ፣ በደንብ አስራችሁ አስቀምጡ። የፊልትሮውን መግቢያ ከታንከሩ ቱቦ ለይታችሁ ከጄሪካኑ ቀጥሉት። አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ ከታንከር እስከ ፊልትሮ ባለው ርዝመት ላይ ነው። ካልጠፋ ፊልትሮው ወይም ከእሱ ወዲህ ያለው ነው። የካባዋ መኪና አረፋዋ ጠፋ። ሥሯ ገብተን ቱቦውን በጣት ዳሰስን። ጎማው የብረቱን ቱቦ በሚለብስበት ጫፍ፣ ማሰሪያው ሥር፣ እንደ ደረቀ እርሻ ተሰነጣጥቋል። ማሰሪያው ስለሸፈነው ከላይ አይታይም። ጣት የምታህል ጫፍ ቆርጠን መልሰን አሰርነው። በማግስቱ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

ፊልትሮውን በተመለከተ አንድ የምወደው ነገር አለ። የእጅ ፖምፓዋ ከእሷ ወዲህ ያለውን መስመር ትገፋለች። ሞተሩ ሲሠራ ኤር የምትመጥ ቀዳዳ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ በእጅ ፖምፓዋ ስትጫኑ ናፍጣ ታወጣለች። ስለዚህ አድርቃችሁ ጫኑ። እየጠነከረች መጥታ እምቢ ካለች ጥሩ ነው። ፊልትሮው ከራሱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ካላበው ብዙ ጊዜ ወንጀለኛው የቀድሞው ጎማ ቀለበት ነው። አሮጌው ቀለበት ከላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አዲሱ ፊልትሮ በራሱ ቀለበት በላዩ ላይ ይጠበቃል፤ ሁለት ቀለበት አንድ ላይ ደግሞ አያሽግም። ከሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻና የሴንሰሯን ኦሪንግም እዩ። ፊልትሮ በተቀየረ ሳምንት የመጣ ችግር ከሆነ፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት እዚያው ፈልጉ። ይህ ለሁሉም ይሠራል። ችግሩ መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተነካ? ከመፍቻ ይልቅ ይህ ጥያቄ ብዙ ያተርፋል።

አሁን ወደሚገፋው መስመር። እዚህ ላይ ፈገግታዬን እተዋለሁ።

የእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ኖዝል የሚከፈተው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። የፒክ አፕ ጎማችሁ 2 ባር ተኩል ቢሆን ነው። በዚህ ግፊት በፀጉር ስንጥቅ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ሞተሩ እየሠራ፣ «የት ነው የምትረጨው?» ብሎ ቱቦውን በጣቱ ዳሰሰ። መርፌ የነካው ያህል ብቻ ነበር የተሰማው። ጠራርጎ ሥራውን ቀጠለ። ማታ እጁ አበጠ፣ በማግስቱ ኦፕሬሽን ክፍል ነበር። ናፍጣው በቆዳው ሥር ገብቶ ሥጋውን ይጎዳል። ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ሰው ይንቃታል። ይህ ከደረሰባችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። «ነገ አየዋለሁ» የሚባል ነገር አይደለም፤ ለሐኪሙም በግፊት የገባ ናፍጣ መሆኑን ንገሩት።

እጅ አይፈትሽም፣ ካርቶን ይፈትሽ። ካርቶኑን ከቱቦው ራቅ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ፤ የሚረጭ ካለ እርጥብ መስመር ይጽፍበታል። መነጽር አድርጉ። ሞተሩ በሚኒሞ ሆኖ ካልታየ ሰው ነዳጅ ይርገጥላችሁ፤ ግፊቱ ሲጨምር ይገለጣል።

አራቱ የብረት ቱቦዎች ለምን ይሰነጠቃሉ? እርስ በርሳቸው የሚያያይዛቸው ክላምፕ ስለማይመለስ ነው። ኖዝል የፈታ ሁሉ ክላምፑን አንድ ቦታ ያስቀምጣል፣ መልሶ ሲገጥም ትርፍ ይመስለዋል። ክላምፕ የሌለው ቱቦ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ላይ ይደክምና ይሰነጠቃል። ጋራዣችሁ ውስጥ ቆርቆሮ ሙሉ «ትርፍ» ክላምፕና ቡሎን ካለ፣ እያንዳንዱ ከአንድ መኪና ላይ የቀረ ነው። ቱቦውን የሚያጠብቀው ዳዶ ጋ ያለበ ከሆነ ደግሞ ዝም ብላችሁ አታጥብቁ። ሞተሩን አጥፉ፣ ፍቱት፣ የሾጠጠውን ጫፍ ጠርጉ፣ እዩት። አሸዋ ቅንጣት ሊሆን ይችላል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ጫፍ ይጨፈለቅና ከዚያ በኋላ ምንም ቢደረግ አያሽግም።

የመመለሻዋን መስመር ሮንዴላዎች ግን ስትፈቱ አዲስ ግጠሙ። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቆች ሞልቷል። ሌላ ቦታ ያለውን ተራ የመዳብ ሮንዴላ ቸግሯችሁ ከሆነ በእሳት አቅሉና ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ መዳብ ሲቀላ ይለሰልሳል፣ እንደገና ያሽጋል። አባቶቻችን የተዉልን ዘዴ ነው። ቆልማማውን ግን ጣሉት።

ከሁሉም የምፈራውን አሁን ልንገራችሁ። የኢንጄክሽን ፖምፓዋ የፊት ሲል።

በእነዚህ የሃይሉክስ ሞተሮች ላይ ፖምፓዋን የሚያዞራት ታይሚንግ ቤልት ነው፤ ቫልቮቹንና ፖምፓዋን ከሞተሩ ጋር በልኩ የሚያስኬድ ቀበቶ። ጎማ ነው። የፖምፓዋ ዘንግ ከቤልቱ ክዳን ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ጋ አንዲት ሲል አለች። እሷ ስታልቅ ናፍጣው ወደ ክዳኑ ውስጥ ይገባና በቤልቱ ላይ ይረጫል። ከውጭ የምታዩት ከቤልቱ ክዳን ሥር የምትንጠለጠል አንዲት ጠብታ ብቻ ናት። ሾፌሩ «ትንሽ ታልባለች» ይላል። ናፍጣ የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ይላጣል። ቤልቱ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ዳሽቦርዱ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የምትበራው «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት ይህን አታውቅም፤ የምትቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በ30,000ም ሊበጠስ ይችላል።

ስለዚህ ከክዳኑ ሥር ናፍጣ ከሸተታችሁ የላይኛውን ክዳን አንሱ፣ ባትሪ አብርታችሁ እዩ። ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት። ርሶ ከሆነ መኪናው ይቁም። ሲሉን ለመቀየር ፖምፓዋ ትወርዳለች፣ ወደ ፖምፓ ባለሙያ ትሄዳለች። ስትወርድ ዘንጓን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩ። ከተጫወተች የውስጥ ቡሽዋ (ዘንጓን የሚይዘው ቀለበት) አልቋል፤ ሲል ብቻ ብትቀይሩ በጥቂት ወር ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ፖምፓዋ ከሞተሩ ጋር የምትገጥምበት ላይ ያለውን ምልክት እዩ፣ ካልታየ ራሳችሁ ጫሩበት። በጥቂት ሚሊ ሜትር ዞራ ከገባች ሞተሩ ወይ ያንኳኳል ወይ ያጨሳል። ናፍጣ የነካው ቤልት አይታጠብም፣ ይጣላል።

እዚህ ላይ የድሮ አይሱዙ ያላችሁ ትስቃላችሁ፣ አያችኋለሁ። አትሳቁ። 4ጄቢ1ን የመሰሉት ሞተሮች ላይ ፖምፓዋን የሚያዞራት የብረት ጥርስ ነው፤ የሚበጠስ ጎማ የለም። ግን ያው ሲል ሲያልቅ ናፍጣው ሞተር ዘይት ውስጥ ይገባል። ከውጭ ምንም አይታይም። የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ዘይቱ ጨምሯል። ሰው ደግሞ ዘይት ሲጨምር ደስ ይለዋል! ዘይት በራሱ አይወልድም። ከጨመረ አሽቱት፣ በጣታችሁ መሐል አሹት። የቀጠነና ናፍጣ የሸተተ ከሆነ ሞተሩን አታስነሱ፤ ብረት ከብረት ሊበላላ ነው።

የፖምፓዋ አናት ላይ ደግሞ የነዳጅ መስጫው ገመድ የሚስበው ክንድ አለ። ዘንጉ ላይ ያለችው ኦሪንግ ስታረጅ ሞተሩ ሲረገጥ ናፍጣ ያመነጫል፣ ሌሊት ደግሞ ኤር ያስገባል። ክንዱን በሁለት ጣት ወደ ጎን ወዝውዙት፤ በተወዘወዘ ቁጥር ዙሪያው ከረጠበ እሱ ነው።

ስለ ታንከር ባጭሩ። ሲሞላ ብቻ የሚያፈስ፣ ግማሽ ሲሆን የሚያቆም ከሆነ ቀዳዳው ላይኛው ክፍል ላይ ነው፦ መሙያው አንገት ላይ ያለው ጎማ፣ ወይም የጌጁ ጋስኬት። ሁልጊዜ የሚያፈስ ከሆነ ማሰሪያ ብረቱ የሚያቅፈው ቦታ ላይ ዝገት ፈልጉ፤ ጭቃ እዚያ ነው የሚቀመጠው።

ቤንዚን ፒክ አፕ ላላቸው፣ ባለ 22አር ሞተሮች፣ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቴስታታው ላይ የተገጠመችው ፖምፓ ጎማዋ ሲቀደድ ከሆዷ ትንሽ ቀዳዳ ቤንዚን ታወጣለች፣ ወይም ወደ ዘይት ትልካለች። ፍለጋው ተመሳሳይ ነው፤ አደጋው አይመሳሰልም። ቤንዚን በብርድም ይተናል፣ ትነቱ መሬት መሬት ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ ደጅ ላይ። ናፍጣም ቢሆን ጋለ ማኒፎልድ ላይ ከተረጨ ይነዳል። ውሃ አትድፉበት፤ ማጥፊያ ከሌለ አሸዋ።

(እዚህ ላይ ከታዳሚው አንድ አንጋፋ ሾፌር እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እኛ የታንከር ቀዳዳ በሳሙና ነበር የምንደፍነው። ስህተት ነበር ልትለን ነው?»)

አይደለም አባባ። ደረቅ የልብስ ሳሙና ናፍጣ ቶሎ አያሟሟውም፤ ቀዳዳ ላይ ሲታሽ ይይዛል። ከሞያሌ መንገድ ላይ ሰው ያወጣ ዘዴ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ችግሩ ሳሙናው አይደለም። ችግሩ ቤት ከደረስን በኋላ ሳሙናውን መርሳታችን ነው። የሚገፋው መስመር ላይ ግን ሳሙናም ከመነዳሪም ፌስታልም አይያዝ። እዚያ ላይ የጎማ ቁራጭ የሚጠመጥም ሰው ካያችሁ ከአጠገቡ ራቁ። ታንከር ለመበየድ ደግሞ ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ የሚፈነዳው ባዶው ነው።

(አንዲት ተማሪ ጠየቀች፦ «ትንሽ ጠብታ ብትሆንስ? መኪናው እየሠራ ከሆነ ምን ያህል ይጎዳል?»)

እናስላው። አንድ ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ብትወድቅ በሰዓት 3,600 ጠብታ፣ ማለትም 180 ሚሊ ሊትር ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ መኪና ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይጥላል። በወር 26 ቀን ከሠራ ከ37 ሊትር በላይ። የዛሬውን የማደያ ዋጋ እናንተ አባዙት፤ እኔ ከነገርኳችሁ በኋላ ሊቀየር ይችላል። ከዚህ ላይ ለማደያ ወረፋ የቆማችሁበትን ቀን ጨምሩበት።

ጠግናችሁ ስትጨርሱም ወዲያው «ተስተካክሏል» አትበሉ። ድጋሚ አድርቁ። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ንዱት፣ ዳገት አውጡት፣ ባለቤቱ በሚያቆምበት አኳኋን አቁሙት። ሌሊቱን ንጹሕ ካርቶን ሥሩ ይደር። ካርቶኑ ላይ የፊት ጎማዎቹ የት እንደነበሩ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ አለዚያ ጠዋት ጠብታውን ታዩታላችሁ፣ ከየት እንደወደቀ ግን አታውቁም።

ውጭ ዛፉ ሥር የቆመችውን ግራጫ ሃይሉክስ አይታችኋል? 3ኤል ናት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ካርቶን ሥሯ አለ። እኔም አላየሁትም፤ ሆን ብዬ ነው። ሁለት ጠብታ እንዳለ ግን ጥበቃው ነግሮኛል። ሶፍትና ፓውደር ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ያዙ። መፍቻ ማንም እንዳይዝ። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ ውጡ፣ መጀመሪያ እናሸታለን።